ሦስት ደምሮ ስድስት መቀነስ

ከአዲስ አበባ ማሻ ለመድረስ አምስት ቀን ፈጀብን። መኪና ተበላሽቶብን አይደለም፤ መንገድም አልተዘጋብንም። ባለቤቴ ናት "ቀስ ብለን እንሂድ" ያለችው። የዓመት ፈቃድ ስሞላ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ወረቀቱን አይቶ "በአምስት ቀንማ በእግርም ይደረሳል" ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ሌሊት የሚነሣ ሰው በማግስቱ ማሻ ገብቶ ቡና ይጠጣል።

እኔ ነገር በሠንጠረዥ ካልተቀመጠልኝ አይገባኝም። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬን የምበላው ግን በሶፍትዌር ነው። ሁለቱም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉ መሰለኝ። ኤክሴል ከፍቼ ጻፍኩ፦ ቀን አንድ ጅማ፣ ቀን ሁለት አሁንም ጅማ፣ ቀን ሦስት ቦንጋ፣ ቀን አራት ሚዛን፣ ቀን አምስት በቴፒ አልፎ ማሻ። ከጎኑ "ምክንያት" የሚል ዓምድ ሠርቼ ባዶውን ተውኩት። አየችውና ምንም አላለችም። ዓምዱን አጠፋሁት።

ከጅማ በኋላ ወደ ማሻ የሚወስድ መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ በኩል ይሄዳል። ሌላው በቦንጋ፣ በሚዛንና በቴፒ ዞሮ ከታች በኩል ሽቅብ ይመጣል። እሷ ሁለተኛውን መረጠች። ለምን እንደመረጠች አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠየቅኳትም። በሰኔ 2015 በዚያው መንገድ፣ ከአዲስ አበባ ሚዛን ድረስ በአንድ ቀን ሄዳ ነበር። ያለ እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አባቷ ደወሉ። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። እሷ ወጥ ቤት ነበረች፤ እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ አነሣሁት። "ልጄ፣ እናቷ አርፋለች" አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ፦ "አሁን አትንገራት። ታማለች በላትና አምጣት።" ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጉት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለዚህ አገር ሰው አላስረዳም። በእኔ ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው ደንቡን ጭካኔ ነው ይላል፤ "ሰው የራሱን ሐዘን የማወቅ መብት አለው" ምናምን። እኔ አልልም። እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ፣ በስልክ፣ በማያውቁት ሰው መሃል መስማት የለበትም፤ ቤት ውስጥ ነው፣ ሊነጋ ሲል፣ የሚይዝ ሰው ባለበት። ይገባኛል። ነገር ግን ደንቡ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የሚያውቀው ሰው አብሮ እንዲሄድ። ምስጢሩን የያዘ ሰው መንገዱንም ይዞ ነው የሚሄደው። አባቷ "አምጣት" ነው ያሉት። "ላካት" አላሉም።

እኔ ላክኋት።

ሐሙስ ለአንድ የውጭ አገር ደንበኛ የምናስረክበው ሥራ ነበር፤ ሦስት ወር የለፋንበት። ወጥ ቤት ገብቼ "እማዬ ጠንከር ብሎባታል አሉ፣ ነገ ሂጂ" አልኳት። "አንተስ?" አለች። "ደውዬላቸው ነበር፣ አልፈቀዱልኝም። ዓርብ እከተልሻለሁ" አልኩ። የአክስቷን ልጅ አስነሣሁ፤ እሱም ያውቃል። ሌሊት 11 ሰዓት አውቶብስ ተራ ወስጄ ሁለቱንም አሳፈርኩ። ቦርሳዋን ሳቀብላት ጥቁር ልብስ እንዳልያዘች ልብ አልኩ። ያዢ ማለት አልችልም ነበር።

ዓርብ አልተከተልኩም። ሐሙስ ያስረከብነው ነገር ተበላሸና ዓርብና ቅዳሜ ስንጠግን ዋልን። ሠልስቱ አለፈ። ለአርባው እመጣለሁ አልኩ፤ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ነገሩ የማፈር ጉዳይ ሆነ። ለቅሶ በሳምንቱ ያልደረሰ ሰው በወሩ ለመድረስ ሁለት እጥፍ ድፍረት ይፈልጋል፤ በዓመቱ ደግሞ ጭራሽ ምን ብሎ እንደሚገባ አያውቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥር 2017 ሆነ። ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ቦርሳችንን ይዘን ወጣን። እውነቱን ልናገር፣ "ቀስ ብለን እንሂድ" ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእኔ ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ ከአባቷ ፊት የምቀርብበትን ቀን ያራዘመችልኝ።

ወልቂጤ ቁርስ በላን። ጊቤን ቁልቁል ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፣ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ እንደገና ሽቅብ ወጣን። ጅማ ስንገባ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆኗል።

ጅማ የእኛ ከተማ ናት። የተዋወቅነው እዚያ ነው። እኔ ቂጦ ፉርዲሳ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ግቢ ነበርኩ፤ እሷ ዋናው ግቢ ፋርማሲ ታጠና ነበር። ከጅማ ወዲህ ያለውን አገር በተማሪነቴ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከጅማ ወዲያ ግን እግሬ ረግጦ አያውቅም። ሽምግልናውም ሠርጉም በ2014 አዲስ አበባ ነው የሆነው። እናቷ ያኔ ከማሻ ሲመጡ አንድ ጀሪካን ማር ጣራ ላይ አይጫንም ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር የመጡት። እኔ ስለማውቃቸው ነገር ከዚያ ብዙ አይበልጥም፤ ማሩ፣ ነጠላቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው መሸፈናቸው።

አውቶብሱ እንዳወረደን ሆቴል እንያዝ አልኩ። እሷ ግን ቦርሳዋን ይዛ ቀጥ ብላ መንገዱን ተሻግራ አንድ ምግብ ቤት ገባች። ጥግ ላይ ያለ ጠረጴዛ መርጣ ተቀመጠች። ጥብስ አዘዘች፣ በደንብ በላች። ከዚያ እጇን ታጥባ ተመልሳ "ያኔ ባሱ ለምሳ የቆመው እዚህ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ። ምንም አልበላሁም። የአክስቴ ልጅ ፊቴን እያየ እሱም አልበላም፤ እኔ ደግሞ ሆዱን አሞት ነው ብዬ ነበር" አለችኝ።

ምን እንደምመልስ አላወቅኩም።

"እኔ እዚህ ስቀመጥ አንተ ምን እየሠራህ ነበር?"

"አላስታውስም።"

"አይመዘገብም እንዴ? ያኔ ተማሪ ሆነን ነግረኸኝ ነበር። ኮድ ላይ የተነካ ነገር ሁሉ ማን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው ይመዘገባል ብለህ።"

ነግሬያት ነበር። ጊት የሚባለውን ነገር ያኔ አዲስ ተምሬ ሰውን ሁሉ በሱ አደንቁር ነበር። አንድ ፕሮግራመር ፋይል ቀይሮ ባስቀመጠ ቁጥር ስሙ፣ ሰዓቱና "ምን ቀየርኩ" የሚል አጭር መስመር አብሮ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን አንድ ትእዛዝ ጽፈህ ሙሉ ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ትችላለህ። ለሥራ እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው። ለትዳር እንዲሆን ታስቦ አልተሠራም።

ላፕቶፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሁልጊዜ አለ። የዚያ ደንበኛ ሥራ ቅጂም አሁንም ውስጡ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩትና የዚያን ረቡዕ ዝርዝር አወጣሁ። ሰዓቱ የተመዘገበው በግሪንዊች ስለሆነ ማስረዳት ጀመርኩ፦ "መጀመሪያ ሦስት ትደምሪያለሽ፣ የእኛ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆንልሻል። ከዚያ ስድስት ትቀንሺና ወደ እኛ ሰዓት…"

"ታዲያ በቀጥታ ሦስት ቀንሺ አትልም?" አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። ፋርማሲስት ናት፤ ቁጥር አታባክንም። እኔ እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ከዚያች ቀን በፊት ስንት ዓመት ሙሉ እየደመርኩ ስቀንስ እንደኖርኩ ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ አነበበች። ዝርዝሩ ላይ 9:55 ይላል፤ ሦስት ስትቀንስ 6:55። ከጎኑ የጻፍኩት አጭር መስመር "የፊደል ግድፈት ማረም" የሚል ነው። ምን ፊደል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከፍቼ አሳየኋት። አንድ ቁልፍ ላይ ያለ ቃል አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ እሷን ጨምሬያለሁ።

"አንድ ፊደል" አለች። ላፕቶፑን ራሷ ዘጋችው። ንዴት አልነበረም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ቀን እንደ ጎብኚ ነው ያሳለፍነው። ጅሬን ወጣን፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። የእንጨት ሥራው አሁንም ዓይን ይይዛል፤ ከተማዋ ከታች ትታያለች። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው በ1932 ነው ያረፉት። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ኖሩ፤ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን ተዋግተው በ1897 ተማረኩ። ከጅሬን ወደ ቦንጋ መጓዝ ከተደራደረው ወደ ተዋጋው መሄድ ነው። በተማሪነቴ ይህን ቤት ስድስት ጊዜ ሳላይ አልቀረሁም፤ ሁልጊዜ ከሴት ልጅ ጋር ለመሆን ነበር የምመጣው፤ ያች ሴት ልጅ ደግሞ እሷ ነበረች። ቁልቁል ስንወርድ አንድ ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ገዛሁ። "ማን ይሸከመዋል?" አለች። እኔ ተሸከምኩት። ለአባቷ ነው። ባዶ እጄን ልገባ ነበር እንዴ?

በሦስተኛው ቀን ሸቤን አልፈን ጎጀብን ተሻገርን። ከወንዙ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ጫካው መንገዱ ድረስ ይመጣል፣ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ በየደጁ እንሰት አለ። ዩኔስኮ የካፋን ጫካ በ2002 ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል፤ ምክንያቱ በአብዛኛው የዱር ቡናው ነው። ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየሙን አሳየችኝ። እኔ ቡና የማውቀው ከጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በቀን አምስት ስኒ እየጠጣሁ ከዛፍ ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ የሚያድር ነገር መሆኑን አስቤ አላውቅም።

ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጉም ቁልቁል ሲገባ እያየን ራሷ ጀመረች።

"እዚህ ነው የደወልኩልህ።"

አስታውሳለሁ። ይህን አልረሳሁትም።

"ከጅማ ጀምሮ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፤ ቦንጋ ሲገባ ደወልኩ። እማዬ እንዴት ሆነች፣ ደወሉልህ ወይ አልኩህ። ደህና ናት፣ ትንሽ ተሽሏታል አልከኝ።"

"አዎ።"

"ተሽሏታል አልከኝ።"

"አዎ።"

ስልኳን አወጣች። ያን ዓመት የነበራትን ስልክ አልቀየረችም፤ የጥሪ ዝርዝሩን ግን ማን ሁለት ዓመት ያስቀምጣል? ፎቶ አንሥታው ነበር። መቼ እንዳነሣችው አላውቅም። 9:26፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ "ያንተን ክፈተው" አለችኝ። ከፈትኩ። ቀጣዩ መስመር 12:31 ይላል። እኔ ደምሬ ሳልቀንስ እሷ "9:31" አለች። "ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቆይተህ ሥራህን ቀጠልክ ማለት ነው።"

ሦስት ደቂቃውን የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ነበር ያሳለፍኩት፤ ግድግዳ ይዤ። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት እስካሁን በደንብ አላውቅም። ምናልባት ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ኖሮ እነግራት ነበር።

ያኔ ነው "ቀስ ብለን" ማለቷ የገባኝ። ለእኔ አዝና አይደለም። ያን መንገድ ሄዳበታለች፣ ነገር ግን አላየችውም። ጫካውን አላየችም፣ ጎጀብን አላየችም፣ የተቀመጠችበትን ወንበር ብቻ ነው የምታስታውሰው። እንደገና በዝግታ ልትሄድበት ፈልጋለች፣ በያንዳንዱ ጣቢያ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ። በሠንጠረዤ ላይ ያጠፋሁት ዓምድ ይህ ነበር።

በአራተኛው ቀን በውሽውሽ የሻይ ማሳ መሃል አልፈን ሚዛን ገባን። ሚዛን ትሞቃለች። አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ እዚያ ነው የሚኖሩት፤ ቡና አልምተው ይሸጣሉ። ጊዜው ለቀማው አልቆ የሚሰጣበት ስለነበር ግቢያቸው ውስጥ ጀንፈሉ በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ተዘርግቷል፤ ሽታው የተብላላ ፍሬ ይመስላል፣ ደስ ይላል። ጋሼ በእጃቸው እያገላበጡ አሳዩኝ። ደህና አድርገው ተቀበሉኝ፤ ስለ ሰኔው ነገር አንድ ቃል አላነሡም። ከአልጋው ላይ አንድ ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ሰበሩና እርጥበቱን ሰሙ፤ እኔም ሞከርኩ፣ ምንም አልተሰማኝም። "ይለመዳል" አሉኝ።

ያሳደሩን ክፍል እሷ ያኔ ያደረችበት ነው። ሳልተኛ ቆየሁ፣ ከዚያ ተኛሁ። ሌሊት ትከሻዬን ነካችኝ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"11" አለች። "አሁን ነው የነገሩኝ። በዚያ በር ነው የገቡት፤ አጎቴ ፊት፣ ከኋላው ሦስት ሽማግሌ፣ ከዚያ ሴቶቹ። ሲገቡ መብራት አላበሩም። ሽማግሌዎቹን ሳይ አወቅኩት። አንተ ዝርዝሩ ላይ ምን አለህ?"

ላፕቶፑን መክፈት አላስፈለገኝም፤ ቦንጋ ላይ ሳየው አስቀድሜ ፈልጌዋለሁ። "ምንም የለም። ተኝቼ ነበር።"

ጨለማው ውስጥ ዝም አለች። ውጭ የአጎቷ ሚስት እሳት ማያያዝ ጀምረዋል፤ የጭሱ ሽታ ይገባል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ፣ ደውዬላቸው ነበር፣ አልፈቀዱልኝም ብለኸኛል። ደውለህ ነበር?"

ይህን ጥያቄ ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር ስጠብቀው ኖሬያለሁ። መልስም አዘጋጅቼለት ነበር፤ ሰዓቱ መሽቶ ነበር፣ አለቃዬ ውጭ ነበር፣ ቢሆንም ባይሆንም የሚታወቅ ነገር ነው፣ እንዲህ እንዲህ። አንዱም አልመጣልኝም።

"አልደወልኩም" አልኩ።

"አልጠየቅካቸውም።"

"አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ይፈቅዱልኝ ነበር።"

ተነሥታ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ከምድጃው አጠገብ ከአጎቷ ሚስት ጋር ስትነጋገር እሰማለሁ፤ በሸኪኖኖ ነው፣ አንድ ቃል አይገባኝም። ከአማርኛው ይልቅ ድምጿ በሸኪኖኖ ይወፍራል። ይህን ባል ሆኜ ሦስት ዓመት ሙሉ አላወቅኩም ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ስልክ ስታወራ የምሰማው በግድግዳ በኩል ነው።

ከሚዛን እስከ ቴፒ አላነጋገረችኝም። በሸኮ ተራሮች በኩል ስንጠማዘዝ እኔ በርጩማውን ጭኔ ላይ ይዤ መስኮቱን አያለሁ። ቴፒ ወረደን፤ እንደ ሚዛን ይሞቃል፣ ይበልጣልም። የቅመም አገር ነው፤ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለው፣ ገበያው ደግሞ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ እንደ እህል በማዳበሪያ የሚሸጥበት ነው። እሷ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ረጅም ድርድር ገባች፤ በሸኪኖኖ፣ በአማርኛ፣ እንደገና በሸኪኖኖ። ሴትዮዋ ትስቃለች። ኮረሪማውን በላስቲክ አስጠቅልላ ዞር አለችና "ያዝ" አለችኝ። ያዝኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር። ከዚያ አናናስ ገዝታ ግማሹን ሰጠችኝ።

ከቴፒ እስከ ማሻ ያለው መንገድ አንድ ትልቅ ዳገት ነው። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ነው፤ ማሻ ከ2000 በላይ። በጌጫ በኩል ሽቅብ ስትሄድ ሙዙና ማንጎው ይቀራል፣ እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል፣ ሹራብ ትፈልጋለህ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በጥር፣ ዝናብ ጀመረ። ማንም አልተገረመም። በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ነው፤ በጋ የሚባለው ለእኛ ነው። ይህን ጫካም ዩኔስኮ በ2004 መዝግቦታል። በየትልልቁ ዛፍ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቀፎ ይታያል። ከጌጫ ወዲያ እጄን ያዘች። ወይም መኪናው ሲታጠፍ ሚዛኗን ጠብቃ ነው። አልለቀቀችም ግን።

አባቷ ደጅ ቆመው ነበር፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ጃንጥላ ይዘው። ለእሷ አንገታቸውን ሰጥተው ብዙ አቀፏት። እኔ በርጩማዬን ይዤ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ነበረኝ፤ "እግዜር ያጥናዎት፣ ዘገየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።" ከዚህ ውስጥ የወጣው "አባባ" ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስነሡኝ። "ግባ፣ ትረጥባለህ" አሉ።

ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤት መጣ። የመጡት ለእኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ዘግይቶ ለቅሶ የደረሰ ሰው ብቻውን እንዳይቀመጥ። ሴቶቹ ትንሽ አለቀሱ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ስለ እኔ ብለው እንደገና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ጨሞ መጣ፤ ከቡናው ቅጠል የሚፈላ ነው፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣ፣ ጤና አዳም ምናምን ገብቶበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠጣ ሰው ያስነጥሰዋል። አስነጠሰኝ፤ ሳቁ። ቆጮ በላን።

ሰው ከሄደ በኋላ አባቷ በአዲሱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠየቁኝ።

"ያ ሥራ አለቀ?"

የትኛው እንደሆነ ለማስመሰል አልሞከርኩም። "አለቀ፣ አባባ።"

"ጥሩ ነው ወይ?"

"ደንበኛው በስምንት ወሩ ዘጋው። አሁን የለም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀልድም ቁጣም አልነበረበትም፤ ስለ ሰብል የጠየቀ ሰው "ዘንድሮ አልያዘም" ሲባል እንደሚነቀንቀው ነው። ከዚያ እሳቱን ቆስቁሰው "አምጣት ነበር ያልኩህ" አሉ።

"አዎ።"

"አሁን አመጣሃት።"

ይህን ይቅርታ ነው ብዬ አልወሰድኩትም። ባለቤቴም አልወሰደችውም፤ ጥግ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በኋላ አልጋ ላይ "አባባ እንዲህ ነው፣ የሆነውን ብቻ ነው የሚናገረው" አለችኝ። "እኔ ግን ገና ነኝ።" እሺ አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ እሷም አልጠበቀችም።

በማግስቱ መቃብሩ ጋ ወሰደችኝ። ብቻዬን እንድቆይ ትታኝ ወደ ኋላ ቀረች። ከዚያ አባቷ ጫካ አስገቡኝ። እዚያ አገር አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ የጫካ ድርሻ አለው፤ ኮቦ ይሉታል፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ ዛፉንም መጠበቅ የባለ ድርሻው ነው። የእርሳቸው ከአባታቸው የመጣ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ቀፎዎቹን ስቆጥር "ልጅ ስትወልዱ አምጡት፣ ይወቀው" አሉ። ነጩ ማር የጌተም አበባ ነው፤ ከትናንሾቹ ቀፎዎች አንዱን እናቷ ራሳቸው ነበር በቀርከሃ የሠሩት። አሁን ባዶ ነው። አላወረዱትም።

ስንመለስ በአጭሩ፣ በጎሬ በኩል ሄድን። አባቷ ካለፈው ዓመት የቀረ ማር በጀሪካን ሰጡኝ፤ አምስት ሊትር። ረዳቱ ጣራ ላይ ሊጭነው እጁን ሲዘረጋ ከኋላዬ "ጣራ ላይ አይጫንም" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእርሳቸው ይሁን የእሷ አልለየሁትም። ጭኔ ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። ክዳኑ ትንሽ ያፈሳል፤ ጎሬ ሳንደርስ ሱሪዬ ተጣበቀ። መቱ ላይ ግራ እግሬ ደነዘዘ። እሷ በመስኮቱ በኩል ተኝታለች። በደሌ ስንደርስ ነቃች፣ እግሬን አየች፣ ጀሪካኑን ወደ ራሷ ጭን ሳበችው።